የግራው የኋላ በር

ሙሉሸዋ መርሰዲስ ገዛች በተባለ ጊዜ፣ በረሆቮት እነሱ ሰፈር ለአንድ ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የምርምር መንደር ውስጥ የላቦራቶሪ ብርጭቆ ስታጥብ የኖረች ሴት፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ ያውም ባሏን በቀበረች በሁለተኛው ዓመት! አንዷ ሎተሪ ደርሷት ነው አለች፤ ሌላዋ ልታገባ ነው አለች። እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ዐሥራ ሦስት ዓመት የተነዳች አሮጊት ነበረች፤ ዋጋዋም የአንዲት ትንሽ አዲስ መኪና ግማሽ አይሞላም። ይህን ግን ማንም መስማት አልፈለገም። ወሬ ከጣፈጠ ማን ዋጋ ይጠይቃል።

የመርሰዲስ ምኞት መጀመሪያ የእሷ አልነበረም፤ የባሏ የመኩሪያ ነበር። ወደ እስራኤል ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ ላይ ተራቸውን ሲጠብቁ በከረሙበት ጊዜ፣ መኩሪያ የትልልቅ ሰዎችን መኪና እያጠበ ነበር የሚያኖራት። የጀርመን መኪና በበሩ ይታወቃል ይላት ነበር። ሌላው ሲዘጋ ይንቋቋል፤ የጀርመኑ ግን ጤፍ የሞላ ጆንያ መሬት ላይ ሲያስቀምጡት እንደሚሰማው ድፍ ብሎ ዝም ይላል። ረሆቮት ከገቡም በኋላ መንገድ ዳር መርሰዲስ ካየ፣ ባለቤቱ መጥቶ በሩን እስኪዘጋ ቆሞ ይጠብቃል። እሷ ሰው ምን ይለናል እያለች እጁን ትጎትተዋለች። ያን በር አንድ ቀን እንኳ የራሴ ብሎ ሳይዘጋው ሞተ።

ስለዚህ የመኩሪያ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተዘራ መርሰዲሱን ሊሸጥ ነው ሲባል፣ ልቧ ዘለለ። ተዘራ ረሆቮት አጠገብ መዝከረት ባትያ የሚኖር፣ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ፣ ቃሉ የሚከበር ሽማግሌ ነው። መኩሪያ የሞተ ጊዜ ሰባቱን የሐዘን ቀን ከአጠገቧ ያልተነሳ እሱ ነው።

አንድ ልጇ ኡሪኤል ግን ሥራው ኮምፒውተር ነውና ሰው ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ነው እምነቱ። ከመግዛትሽ በፊት አስመርምሪ አላት። መኪናዋን ሰቅለው ከሆዷ እስከ ጣሪያዋ የሚያዩበት ቦታ ስላለ፣ ቀጠሮውን ራሱ ያዘላት። እሷም እሺ ብላ መኪናዋን ልትወስድ ተዘራ ቤት ሄደች።

ሄደች፤ ግን ምን ይሆናል። የተዘራ ባለቤት እታፈራሁ፣ ብዪ እንጂ እያለች ወጥ ትጨምርላታለች፤ ተዘራ ሟቹን እያነሳ ይመርቃታል። እንግዲህ ከዚህ ማዕድ ተነስቶ፣ የባልን ታላቅ ወንድም ዓይን እያዩ፣ መኪናዎን ላስመርምር እንዴት ይባላል? በእነሱ ዘንድ ይህ ሌባ ነዎት ከማለት አይለይም። እጇን ታጥባ ወደ ግቢ ወጣችና በሮቹን አንድ በአንድ ከፍታ ዘጋች። ሦስቱ ድፍ አሉ። የግራው የኋላ በር ግን እንደ ባዶ ጣሳ ቋ አለ።

ሰምታዋለች፤ የመኩሪያ ሚስት ሆና እንዴት አትሰማ። ተከትሏት የወጣውን ተዘራን ቀና ብላ አየችው። እሱ የሎሚ ዛፉን ያያል። የበሩ ጎማ አርጅቶ ይሆናል ብላ ራሷን አታለለች። መጸዳጃ ቤት ገብታ በሹክሹክታ ደውላ ቀጠሮውን ሰረዘች፤ ማታ ለኡሪኤል፣ አስመረመርኳት፣ ቤሰደር፣ ደኅና ናት አለችው። በዕድሜዋ ለልጇ የዋሸችው ያን ቀን ብቻ ነው አልልም፤ እንዲህ ያለ ውሸት ግን ዋሽታው አታውቅም።

መኪናዋን ገዝታ ስምንት ወር በደስታ ነዳቻት። መቼም ነዳች ከተባለ ነው፤ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጥሩንባ እየነፋ ያልፋታል፣ እሷ ንግሥት ሆና ታዘግማለች። በዚህ መሀል የኡሪኤል ሚስት ኬረን አረገዘች። የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ ኡሪኤል፣ ልጃችንን ከሆስፒታል በአያቷ መርሰዲስ ነው የምናመጣት፣ ጠንካራ ናት ብሎ የሕፃን መቀመጫ ገዝቶ ገጠመላት። የገጠመው በግራ በኩል፣ ከኋላ ነው።

በቀጣዩ እሑድ የፊቱ መብራት አጠገብ ላሜራው ተፋቀባትና ኤራን የሚባል፣ የተጎዳ የመኪና አካል የሚያቃና የባትላሜራ ሠራተኛ ዘንድ ወሰደቻት። ኤራን መኪናዋን ሰቅሎ ሥሯን በባትሪ አበራ። ከዚያ ጠራትና በጣቱ አሳያት፤ ከኋላ ወንበሩ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ፣ በጥቁር ቀለም የተሸፈነ የብየዳ ጠባሳ። መኪናዋ አንድ አይደለችም፤ ከፊት የተገጨችና ከኋላ የተገጨች ሁለት መኪኖች ተቆርጠው የተጣበቁ ናቸው። አንድ ጠንከር ያለ ግጭት ከመጣ እዚህ ጋ ትከፈላለች አላት። የሕፃኑን መቀመጫ አየና፣ እዚያ ልጅ እንዳታስቀምጪ ብሎ ደጋግሞ ነገራት። ሙሉሸዋ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

በማግሥቱ መርሰዲሷን ቤቷ ደጃፍ አቁማ፣ በአውቶቡስ መዝከረት ባትያ ወረደች። ተዘራ ነገሩን ሲሰማ አልካደም። እሱም የገዛት ከዘመድ ነው፤ እሱም አፍሮ አላስመረመረም፤ ያወቀው በዓመቱ ነው።

«ታዲያ ለእኔ እንዴት ሸጡልኝ፣ ጋሼ?» አለችው።

«አልጠየቅሽኝማ፣ ሙሉሸዋ። ብትጠይቂኝ አልዋሽሽም ነበር።»

ይህን ያለው ሳይቆጣ፣ እንዲያውም እያዘነ ነው፤ ያ ነው ያቃጠላት። ቀጥሎም ለኡሪኤል እንዳትነግረው ለመናት። ወጣት ነው፣ ስሜን በየቦታው ያነሳዋል፤ ይልቅ ለማያውቀን ለሩቅ ሰው እንሽጣት አለ። እሷ እሺም እንቢም ሳትል ተሰናብታ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ግን የሩቅ ሰው የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣም። ለአፍታ ያህል፣ ይሻላል ብላ አስባ ነበር፤ በዚህም ራሷን ጠላች።

ለኡሪኤል መንገር ነበረባት። ሰኞ ማታ ስልኩን አንስታ አስቀመጠችው። ማክሰኞም እንዲሁ። መናገር ማለት የመኩሪያን ወንድም ማዋረድ ነው፤ አስመረመርኳት ያለችውን ውሸትም ማውጣት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደከበዳት ራሷም አታውቅም። ኬረን ገና ሦስት ሳምንት ቀርቷታል፣ ሰንበት ሲወጣ እነግረዋለሁ ብላ ቀን ሰጠችው።

ምጥ ግን ቀጠሮ አያከብርም። ረቡዕ በሥራ ላይ ሳለች ስልኳ ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት ነበር። ስትወጣ የኡሪኤልን መልእክት አገኘች፤ ሴት ልጅ ተወልዳለች፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤ «በትርፉ ቁልፍ መርሰዲሱን ወስጃለሁ። የሕፃኑን መቀመጫ ነቅዬ ኬረን ከኋላ ተጋድማ ነው የሄደችው፣ እንደ አልጋ ነበር አለች።»

ሙሉሸዋ እልል ማለት ሲገባት ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። አብረዋት የሚሠሩት የደስታ መስሏቸው አቀፏት።

መልሳ ደወለች፤ አላነሳም። ያደረገችው እንኳን ደስ ያላችሁ የሚል የድምፅ መልእክት መላክ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በድምፅ አይነገርም ብላ ለራሷ ሰበብ ሰጠች፤ ሐሙስም ፊቱን ማየት ፈርታ ሆስፒታል አልሄደችም። ዓርብ ጠዋት ሲወጡ ግን ሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ቀድማቸው ደረሰች። ኡሪኤል ሕፃኗን በመቀመጫዋ ተሸክሞ መጣ፤ ኬረን ቀስ እያለች ከኋላው ትራመዳለች። ልጅቷ የመኩሪያን ግንባር ይዛለች። ኡሪኤል የግራውን የኋላ በር ከፈተ።

«አታስገባት» አለች ሙሉሸዋ።

እየሳቀ ዞረ። ያን ሳቅ እያየች ሁሉንም ነገረችው፤ ብየዳውን፣ ተዘራን፣ የተሰረዘውን ቀጠሮ። በመጨረሻም ኤራን እሑድ እንደነገራት ተናገረች። ኡሪኤል ቀኖቹን በልቡ ሲቆጥር ከፊቱ አነበበችው።

«እሑድ» አለ። «ኬረንን ረቡዕ ነው የወሰድኳት።»

«ጋሼ ተዘራን መጠየቅ አፍሬ ነው፣ ልጄ። እሱም አልጠየቅሽኝም አለኝ።»

ኡሪኤል አልጮኸም። መቀመጫውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያዘው።

«እኔ ግን ጠይቄሽ ነበር፣ እማ» አላት።

ታክሲ ጠራ። እስኪመጣ ድረስ ከኬረን ጋር ጥላ ሥር ሆነው በዕብራይስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ። ታክሲው ሲመጣ መቀመጫውን አስሮ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ጎትቶ አየና፣ ወደ እናቱ ሳይዞር ገባ። ሙሉሸዋ ልጅቷን ገና አልታቀፈቻትም። እንደ ተከፈተ የቀረውን የግራውን የኋላ በር ገፋ አደረገችው፤ ቋ አለ። ከዚያ መኪናዋን በራሷ ቁልፍ ቆለፈች፤ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በእግሯ ሄደች።