ለሕያው ሴት የተነፋ ጥሩምባ

የሰፈራችን ሰው ለሞት ይሮጣል፤ ለምጥ ግን ቀስ ብሎ ይራመዳል። ይህችን ዓረፍተ ነገር አሳምሬ ስለጻፍኳት ደስ ብሎኛል። እውነት መሆኗ ግን ደስ አይልም።

የአጎቴን ሚስት ምጥ የያዛት በገበያ ቀን ነው። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ የገሱባን መንገድ አጨቅይቶታል፤ መኪና አይታሰብም። አጎቴ ለንግድ ቤሌ ሄዷል፣ የቀረው የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ገበያ ወርዷል። ረፋዱ ላይ አሮጊቷ አዋላጅ እጇን እየጠረገች ወጣች።

“ልጁ ተጋድሟል። ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ኦቶና ሆስፒታል አድርሷት” አለች።

አድርሷት ማለት ቀላል ነው። ቃሬዛ አራት ሰው ይሸከመዋል፤ ለዳገቱ ደግሞ የሚቀይር ሌላ አራት ያስፈልጋል። ቤት ለቤት ሮጥኩ። አንዷ ጎረቤታችን እንሰት እየፋቀች፣ “እሺ ልጄ፣ ይህን ልጨርስና” አለችኝ። ሌላዋ፣ “ሰውዬው ከገበያ ሲመለስ እልከዋለሁ” አለች። ቀኑ ተጋመሰ።

በመጨረሻ ወደ ዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ እሳት እየሞቁ ነበር።

“ጋሼ፣ ጥሩምባውን ይንፉልን።”

“ውይ! ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። የሚሸከም ሰው አጣን።”

“ታዲያ ሰው ሳይሞት ልንፋ? አንቺ ሟርተኛ! ይህ ጥሩምባ ለሕያው ሰው ተነፍቶ አያውቅም።”

ቢሆንም ተከትለውኝ መጡ። የአጎቴ ሚስት ድምፃቸውን ከውስጥ ሰማች።

“ይንፉ ጋሼ! ስሞትማ ይነፉልኝ የለ? ያኔ እኔ አልሰማው! አሁን ይንፉልኝ!”

ጥሩምባውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ነፉት።

ሰው እንዴት መጣ መሰላችሁ! እንሰት ስትፍቅ የነበረችው ሴት እጇን እንኳ ሳትታጠብ እየጮኸች ደረሰች። ወንዶቹ ዕቃቸውን ገበያ ላይ ጥለው ዳገቱን ሮጠው ወጡ። አንዱ ጭራሽ መቃብር ሊቆፍር ዶማውን ተሸክሟል።

“ማን ነው የሞተው?” አለ እያለከለከ።

“እኔ ነኝ!” አለች የአጎቴ ሚስት ከውስጥ።

ልቅሶው መሃል ላይ ተቆረጠ። ባለዶማው ተቆጣ። “ሰው ሳይሞት ለቀብር ትጠሩናላችሁ?”

“ዶማህን ጣልና ትከሻህን አምጣ!” አለችው ባለእንሰቷ። “ጉልበትህ ለሬሳ ብቻ ነው እንዴ?”

ዶማውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ከቃሬዛው ፊት ገባ። ዳገቱን በሙሉ ቀይሩኝ ሳይል ተሸከማት። እኔ ዝናቡ ፊቷን እንዳይመታት የእንሰት ቅጠል ይዤላት ከጎኗ ሄድኩ። ስትቃትት “አይዞሽ” እላለሁ፤ ዝም ስትል ደግሞ ይብስ እፈራለሁ።

ኦቶና ስንደርስ መሽቶ ነበር። እሷ ተረፈች። ልጁ ግን ሞቶ ወጣ። ሐኪሙ፣ “በጊዜ ብትደርሱ ኖሮ...” ብሎ ተወው።

በማግስቱ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልለን መለስነው። ባለዶማው ማንም ሳያዘው ወደ አጥሩ ሄደ። ዶማው ትናንት ባስደገፈበት ቦታ ነበር። ዝናብ ያራሰውን እጀታ በጋቢው ጠረገና ከእንሰቱ ጀርባ መቆፈር ጀመረ።

ሲወለድ ላላለቀሰ ሕፃን በእኛ ዘንድ ጥሩምባ አይነፋም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው አልመጣም። ጥሩምባ ነፊው ግን መጥተው አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

“ልጄ፣ ቤት ለቤት ሳትዞሪ ገና በጠዋቱ ወደ እኔ ብትመጪ ኖሮ፣ እነፋልሽ ነበር?”

ቀና ብዬ አየኋቸው።

“አልነፋም ነበር” አሉ፤ ጥሩምባውንም በጋቢያቸው ሸፈኑት።