ለአባቴ ጆሮ የተዘረጋ ሽቦ

እህቴ ከመሞቷ በፊት የነበረው ቀን እሑድ ነበር። ትልቅ ነገር የሆነበት ቀን አይደለም። ቀኑን ሙሉ የቤታችንን መብራት ስናጠፋና ስናበራ ዋልን፤ ይኸው ነው።

አባታችን ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። አሰላ ያለው ቤታችን ለመጣ ሰው ሁሉ መጮህ ግዴታ ነበር። ጤና የሚጠይቃቸው ይጮሃል፣ ምሥጢር ሊያማክራቸው የመጣም ይጮሃል። ጎረቤት ያልሰማው ጉዳይ አልነበረንም። አባቴ ያፍሩ ነበር። በኋላ በኋላ እንግዳ ሲመጣ ሰላም ብለው ዝም ማለት ለመዱ። እህቴን የከነከናት ይህ ዝምታቸው ነው።

እሷ ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ ተመርቃ በየሰዉ ቤት መስመር ትዘረጋ ነበር። ከአሮጌ ቴፕ ያወጣችውን አምፕሊፋየር ከአንድ ማይክና ከጆሮ ማዳመጫ ጋር አገናኘችው። ማይኩ እንግዳ በሚቀመጥበት በኩል ተንጠለጠለ፤ አባቴ በመስኮቱ ሥር ፍራሻቸው ላይ ሆነው በማዳመጫው እንዲሰሙ ነው። ግን ማዳመጫውን ባደረጉ ቁጥር ወዲያው ያወልቁታል።

«ካኒሳ» ይላሉ በኦሮምኛ። ንብ ማለታቸው ነው።

እኔም አድርጌ ሰምቼዋለሁ። ዝዝዝ ይላል፤ አንዳንዴ ከሥሩ የሬዲዮ ጣቢያ ያወራል። እህቴ እንዳስረዳችኝ፣ ረጅም ሽቦ ሳታስበው አንቴና ይሆናል። በቤቱ መስመር የሚመላለሰውን ሁካታ ሁሉ ይለቅማል፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ያጎላዋል።

እሑድ ጠዋት አምፕሊፋየሩን በባትሪ አስነስታ ቆጣሪው ላይ ያለውን ብሬከር አወረደች። ጸጥ አለ።

«ከሩቅ አይደለም፤ ከራሳችን መስመር ነው» አለች ደስ ብሏት።

ከዚያ ሁሉንም ነቅለን አንድ በአንድ መመለስ ጀመርን። ፍሪጁ ምንም አላለም። ቴሌቪዥኑም። የእኔ ስልክ ቻርጀር ሲሰካ ንቧ መጣች።

«ይህን ከየት ገዛኸው?»

«ከመናኸሪያ።»

«ቻርጀር ብለው የሸጡልህ ሬዲዮ ጣቢያ ነው።»

ቻርጀሩን ጣለችው። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ያኔ ትንሿን የባትሪ ሬዲዮ፣ ምንም ጣቢያ በማይሰማበት ቁጥር ላይ አድርጋ ግድግዳ ግድግዳውን ትሄድ ጀመር። ሬዲዮው የሚጮህበት ቦታ ላይ ችግሩ አለ ማለት ነው። ግቢውን አሻግሮ ተከራያችን በር ላይ አቆመን። ተከራያችን ከጎጃም ተመድበው የመጡ መምህር ናቸው፤ መብራት የሚወስዱት ከእኛ ቆጣሪ ነው። መስኮታቸው ጠባብ ስለሆነ ቀንም ያበራሉ።

«መምህር፣ አምፖልዎ አባቴ ጆሮ ውስጥ ገብቷል» አለቻቸው።

«የእኔ አምፖል? እኔ እኮ ፈተና እያረምኩበት ነው። ጆሮ ውስጥ ምን አገባው?»

«ሳያንኳኳ ነው የገባው።»

«እንግዲያ አስወጪልኛ። ብቻ በጨለማ አርሜ ሰነፉን ሁሉ እንዳላሳልፍ።»

ከቦርሳዋ ሌላ አምፖል አውጥታ ቀየረችላቸው። ተመልሰን የአምፕሊፋየሩን የመብራት ገመድ፣ ከተበላሸ ኮምፒውተር ባወጣችው ጥቁር ቀለበት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠመጠመችው። ሁካታውን አንቆ የሚያስቀረው እሱ ነው አለችኝ። አባቴ ማዳመጫውን አደረጉ። ማይኩ አጠገብ ሄዳ በቀስታ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው። «ንቧ ራቅ ብላለች። ግን አልሄደችም።»

ሬዲዮውን ይዛ ወንበር ላይ ወጣች። በጣሪያው ጥግ ስታስኬደው ከዳር እስከ ዳር ጮኸ። እዚያ የማይኩ ሽቦና የመብራቱ ሽቦ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በየስንዝሩ በፕላስተር አንድ ላይ ታስረዋል።

«ማነው እንዲህ አሳምሮ ያሰረው?»

እኔ ነበርኩ። እሷ የማይኩን ሽቦ መሐል ለመሐል ወጥራው ሥራ በሄደች ቀን፣ እንግዳ ፊት ያሳፍራል ብዬ ወደ ጥግ ወስጄ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ኮርቼበትም ነበር።

«ሥራህስ ታምራለች» አለች። «ጥፋቷ ማማሯ ነው። ሁለቱን አጋባሃቸው እኮ።»

አልተቆጣችኝም። ከወንበሩ ሳትወርድ «አሁን እንፍታቸው?» አለችኝ።

ኳስ ሊጀምር ነበር። ነገ ይደርሳል አልኳት። ነገ ይደርሳል ያልኩት እኔ ነኝ። «እሺ፣ ከሲሬ ስመለስ» ብላ ወረደች።

ሰኞ ጠዋት ለሥራ ወደ ሲሬ ስትሄድ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርናት።

አንድ ነገር ግን መጻፍ አለብኝ። ለአባቴ ሞቷን የነገሯቸው በጩኸት ነው። አጎቴ አጠገባቸው ተንበርክከው በቀስታ ነገሯቸው። አባቴ «እ?» አሉ። አጎቴ ድምፃቸውን ጨመሩ። አባቴ ጆሯቸውን አስጠግተው አሁንም «እ?» አሉ። በሦስተኛው አጎቴ ጮኹ። ግቢው ሁሉ ሰማ። ከሰዉ ሁሉ መጨረሻ የሰሙት አባቷ ናቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ ለተዕዚያ፣ ሊያጽናናን በመጣ ሰው ሞልቷል። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ነች። የሚገባው ሁሉ አባቴ ላይ ጎንበስ እያለ «አላህ ይዘንላት፣ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥዎት» ብሎ ይጮሃል። ቃሉ ደግ ነው። ሲጮህ ግን ቁጣ ይመስላል። ሼኹ ዱዓ ሲያደርጉ አባቴ አሚን የሚባልበትን ስለማይሰሙ አጎቴ ጉልበታቸውን ይነኳቸዋል። ያኔ ይደነግጡና ብቻቸውን፣ ሰዉ ብሎ ከጨረሰ በኋላ፣ አሚን ይላሉ።

ሁለት ጊዜ አየሁት። ሦስተኛውን አልቻልኩም። ወንበርና ቢላ አመጣሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ አጎቴ። «ዛሬ የሥራ ቀን ነው? ሰው ምን ይላል?»

«አባ እንዲሰሙ ነው» አልኩ። ወንበሩ ላይ ወጣሁ።

አጎቴ ሊያወርዱኝ ክንዴን ያዙ። መምህሩ ከሰዎቹ መሐል ተነስተው ወንበሩን ደገፉልኝ። አጎቴም ለቀቁኝ። ፕላስተሩን በየስንዝሩ ቆረጥኩት፤ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ተነሳ። የማይኩን ሽቦ ከመብራቱ ለይቼ አወረድኩና በምንጣፉ ላይ፣ በተቀመጡት ሰዎች እግር መካከል አሳለፍኩት። አስቀያሚ ነበር። ሰዎቹ እግራቸውን እየሰበሰቡ መንገድ ሰጡኝ።

መጀመሪያ ማዳመጫውን ራሴ አደረግሁት። የሰዎቹ ትንፋሽ ይሰማል። ሌላ ምንም የለም።

ከዚያ አባቴ ጆሮ ላይ አደረግሁላቸው። ራሳቸውን አላነሱም። ማይኩን ለሼኹ አቀረብኩላቸው።

«እንደ ወትሮዎ ይናገሩ። መጮህ አያስፈልግም።»

ሼኹ አንዴ ማይኩን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ በራሳቸው ድምፅ ለእህቴ ዱዓ አደረጉ። አባቴ ቀና አሉ። መዳፋቸውን ዘረጉ። ማንም ሳይነካቸው፣ ከሰዉ ጋር እኩል፣ አሚን አሉ።

ማይኩን ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞርኩ። አንድ ገበሬ፣ እህቴ ዝናብ እየዘነበ ቤቱ ድረስ መጥታ መብራት እንዳስገባችለት ነገራቸው። ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግሯ ሥራውን እንደጨረሰች።

«ይህን አልነገረችኝም» አሉ አባቴ። «ቀጥል እስቲ።»

እነዚያ ሰዎች ሲወጡ እኔና አባቴ ለጥቂት ጊዜ ብቻችንን ሆንን። ማይኩ እጄ ላይ ነው። እንባዬ መጣ። እንዳይሰሙኝ ማይኩን አጠፋሁትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ደጅ ሌሎች ሰዎች ጫማቸውን ሲያወልቁ ሰማሁ። ፊቴን ጠርጌ መልሼ አበራሁት።