ዓይኑ የማን ነው?

የድሮ ካሜራ መሰብሰብ ከጀመርኩ ጀምሮ ሚስቴ ሁለት ጥያቄ ነበራት። አንደኛው «ይህ ሁሉ ብረት ምን ያደርግልሃል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ለመሆኑ ይሠራል?» የሚል። ለሁለተኛው መልስ ነበረኝ። ለመጀመሪያው እስከ ዛሬ የለኝም።

ወልድያ ያሉት ፎቶ ቤቶች ወደ ዲጂታል ሲዞሩ የጥንቶቹ ካሜራዎች አቧራ ለብሰው ቀሩ። እኔም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ እየዞርኩ ለቀምኳቸው። አንዱን ከተዘጋ ፎቶ ቤት፣ አንዱን ቆቦ ካለ ጡረተኛ ወታደር፣ አንዱን መርሳ ገበያ ላይ ከአሮጌ ሬዲዮ መሐል አገኘሁ። ከሁሉም የምወደው ራሽያ ሠራሹን ነበር። አንገት ላይ ሲንጠለጠል ያጎብጣል፤ ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሲጫኑት ደረቅ ያለ «ቀጭ» ይላል። ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ለጠየቀኝ ሁሉ ስለ ብርሃን ሳስተምር ይረዳኛል እል ነበር። አንድም ቀን ክፍል ይዤው ገብቼ አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር የሚጥመኝ አለማወቁ ነበር። በስልክ ያነሱትን ወዲያው ያዩታል፤ ካልጣመ ያጠፉታል። ፊልም ላይ ግን አንዴ ቀጭ ካለ የሆነው ሆኗል። ፊልሙ እስኪያልቅ፣ አዲስ አበባ ሄዶ እስኪታጠብ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ እስኪመለስ ድረስ ምን እንደያዘ ማንም አያውቅም። ያንን ጊዜ እንደ ከረሜላ ከጉንጬ ወደ ጉንጬ እያገላበጥኩ እከርም ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ለየቤቱ የማይታወቅ ነገር ሲያድል ግን ከረሜላው መረረኝ።

የምንኖረው በአንድ ግቢ ነበር። ፊት ለፊቴ እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ከአንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጁ ባጃጅ ነጂ፣ ጨዋታ የማያልቅበት ጎረምሳ ነው። በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ ከባለቤታቸው ጋር ነበሩ። ዘራቸው ከትግራይ ነው፤ ያረጁት ግን ወልድያ ላይ ነው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የልጁን የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው።

ከቆቦ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ መሰማት በጀመረ ሰሞን መብራት ጠፋ፣ ኔትዎርክ ጠፋ፣ ወጣቱም ተሰባስቦ በእግሩ ወደ ደሴ መውጣት ጀመረ። እትዬ ልጃቸውን እጁን ይዘው መጡ።

«መምህር፣ ይህን ልጅ እስቲ አንሳልኝ። ነገ ሊወጣ ነው።»

«በስልክ አይሻልም እትዬ? የእኔ ነገር እኮ መቼ እንደሚታጠብ አይታወቅም።»

«ስልክማ ያው ደርቆ ተቀምጧል። ደግሞ ወረቀት ላይ የሚወጣ ነው የምፈልግ። ግድግዳዬ ላይ ይሰቀልና ሲመለስ ያየዋል፣ ኢንሻአላህ።»

«ይቺ ብረት ደግሞ ፎቶ ታነሳለች?» አለ ልጁ እየሳቀ። የእግር ኳስ ማሊያ ለብሶ ነበር።

ፎቶ ሳነሳ ክፉኛ እጨቃጨቃለሁ። ወንበሩን ግድግዳው ሥር አድርጌ የእግሮቹን ቦታ በጠመኔ አሰመርኩ፤ ካሜራውን በርጩማ ላይ አስደግፌ አስተካከልኩ። ልጁ ተቀመጠ። ሳቅህን ያዝ፣ አገጭህን ቀና አድርግ፣ አልኩት። ቀጭ።

ፊልሙን ለማሳለፍ ማዞሪያውን ስስብ ውስጡ የሆነ ነገር ቅርጭ አለ። ፊልሙ ጊዜው ካለፈ የከረመ፣ ከተዘጋው ፎቶ ቤት ያገኘሁት ነው። ካሜራውም ሽማግሌ ነው፣ ማጉረምረም ልማዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «ለእኔም አንዷን ቀጭ አድርግልኛ። ዕድሜዬን ሙሉ የተነሳሁት የመታወቂያ ብቻ ነው» አሉና መጥተው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ቁመታቸው ከልጁ እኩል ስለነበር ምንም አልነካሁም። የልብስ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሜትሩን እንኳ አያወልቁም?» አሉ እትዬ። «ሙሽራ መስለዋል!»

ተሳሳቅን። ቀጭ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ካሜራ ሌላ ፎቶ አላነሳሁም።

ልጁ በማግስቱ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። እኔና ሚስቴ ደግሞ መርሳ ወዳለችው እህቴ ሄድን። ሌሎቹን ካሜራዎች ትቼ ፊልም ያለበትን ራሽያ ሠራሹን ብቻ ያዝኩ። «ሰው ፍራሽ ተሸክሞ ይሄዳል፣ የእኔ ባል ብረት» እያለች ሚስቴ፣ ሲሪንቃን አልፈን መርሳ ገባን። እህቴ ካሜራውን ስታይ ደነገጠች። «የትኛውም ወገን ቢያገኝብህ ሰላይ ነው የሚልህ!» አለችና በጨርቅ ጠቅልላ ጎታ ውስጥ፣ ማሽላው ሥር ቀበረችው። መርሳም ጦርነቱ አልቀረላትም። ወራት አለፉ። ማሽላው እየተበላ ባነሰ ቁጥር ካሜራው ወደ ላይ ይመጣል፤ እህቴ ደግሞ በተቆጣች ቁጥር መልሳ ወደ ታች ትገፋዋለች። ስለ ካሜራው ነው ስለ ማሽላው የምትቆጣው፣ አልገባኝም ነበር።

ወልድያ ስንመለስ ቤታችን ተሰብሯል። ካሜራዎቼ ወለሉ ላይ ጀርባቸው ተከፍቶ ተበትነዋል፤ ምን እንደፈለጉባቸው እግዜር ይወቅ። እትዬ ከቤታቸው አልወጡም ነበር። ስልካቸው ተወስዷል፣ ሣጥናቸው ተገልብጧል፣ ከልጃቸውም ምንም ወሬ የለም። አብረውት የወጡት ልጆች መንገድ ላይ ተኩስ ሲነሳ ተበታተንን ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። የጋሼ ክፍል ባዶ ነበር። ሰውየውም፣ ሚስትየውም፣ የስፌት መኪናውም የሉም።

ወሬው ግን ሞልቷል። ጋሼ ለታጣቂዎቹ የወጣቶችን ቤት ሲጠቁሙ ነበር ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ በሩ ላይ ቆመው ታጣቂዎቹን ለምነው መልሰዋል፣ የጎረቤት ልጃገረዶችን ያተረፉ እሳቸው ናቸው ይላል። ሁለቱንም ከአንድ ሰው አፍ በተለያየ ቀን የሰማሁበት ጊዜም አለ። የትኛውን ልመን? እትዬ የመጀመሪያውን አመኑ። ልጅ የጠፋባት እናት የምትይዘው ነገር ያስፈልጋታል መሰለኝ፤ እኔ ግን ጭራሽ ዞረብኝ።

«መምህር፣ ያ ፎቶ» አሉኝ አንድ ቀን። «ልጄን የምፈልግበት ሌላ ነገር የለኝም።»

አልተሳሳቱም። ስልካቸው ሄዷል። የልጁ ስልክ ከልጁ ጋር ነው። ፌስቡኩን ብናስከፍት የለጠፈው የኳስ ተጫዋች ፎቶ ነው። ቤት የተረፈችው የስምንተኛ ክፍል ጉርድ ፎቶ ናት፤ በእሷ ላይ ጉንጩ ሙልሙል ያለ ሕፃን ነው፣ ማን ያውቀዋል? ፊልሙን አውጥቼ አዲስ አበባ ላክሁ። ድሮ የሚጥመኝ ጥበቃ እንቅልፍ ነሣኝ።

ፖስታው ሲመጣ ለብቻዬ ከፈትሁት። የመርሳ ማንጎ፣ የተኮሳተረች ሚስቴ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር፣ ሁሉም ደህና ናቸው። የመጨረሻው ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። የጎረምሳ ፀጉር፣ ሽበት የጣለበት ጢም፣ በማሊያው ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር። ይህ ደግሞ ማን ነው ብዬ አገላበጥሁት። ነጌቲቩን ሳየው ገባኝ፤ ደርቆ የከረመው ፊልም ጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ተቀደው፣ ከልጁ በኋላ ሳይንቀሳቀስ ቀርቷል። ጋሼ የተነሱት በልጁ ላይ ነው። ያቺ ቅርጭታ ይህች ነበረች። በጠመኔ አስምሬ ስላስቀመጥኳቸውም ፊታቸው ብዙም አልተዛነፈም። ሁለት አፍንጫ ትንሽ ተዛንፎ ይታያል፤ ዓይን ግን ሁለት ብቻ ነው።

እትዬ ፎቶውን ተቀብለው ወደ ብርሃን ወጡ። «ልጄ ሸምግሏል እንዴ?» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ሜትሩን አዩት። ፊታቸው ጠቆረ።

«እሱን አውጣልኝ።»

«ተደራርበዋል እኮ እትዬ። አንዱን ስነካ...»

«በኮምፒውተር የማይወጣ የለም ይላሉ። እሱን አጥፋና ልጄን አምጣልኝ!»

ፎቶ ቤት ሄድን። ባለቤቱ ሜትሩን አጠፋ፣ ጢሙን አጠፋ፣ ጉንጩን አለሰለሰ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሮ «ዓይኑስ እናቴ? የማን ነው? የማንን ላስቀር?» አላቸው።

እትዬ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «የልጄ...» ብለው ጀመሩና «ቆይ» አሉ። እንደገና አዩ። እኔን አዩኝ። ድንገት ተነስተው ወጡ። ስከተላቸው የቆመ ባጃጅ ተደግፈው አገኘኋቸው።

«ዘጠኝ ወር በሆዴ የተሸከምኩት ልጅ፣ ዓይኑ ጠፋኝ መምህር። ያ ረቢ፣ ዓይኑ ጠፋኝ!»

እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ መንገደኛ ሁሉ ያየን ነበር። በመጨረሻ ተመልሰን ባለቤቱን ዓይኑን እንዳለ ተወው አልነውና አንድ ጥርት ያለ ወጣት ወጣ። እትዬ አባዝተው መናኸሪያ ለጠፉት። ግራ መጋባቴም ያኔ ባሰበት፤ አየነው የሚሉ ሰዎች መጡ። አንዷ ሐይቅ ላይ አየሁት አለች። አንድ ሹፌር ኮምቦልቻ አብረን ሻይ ጠጥተናል ብሎ ማለ። እትዬ እዚያ ድረስ ሄደው ተፈናቃዮች የተጠለሉበትን ትምህርት ቤት ሁሉ ዞረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እኔ ያንን ፊት ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ አይቻለሁ፤ በዓለም ላይ የለም። የሌለን ሰው እንዴት አዩት? ዋሽተው ነው እንዳልል ምን ይጠቅማቸዋል?

«ይኸ ልጄ አይደለም» አሉኝ ከመንገድ እንደተመለሱ። «የፊተኛውን መልስልኝ።» ሰጠኋቸው። ጢሙና ሜትሩ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፈው፣ ከቅንድብ በላይና ዓይኑን ብቻ ክፍት ትተው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። ቤታቸው በገባሁ ቁጥር ከወረቀቱ በላይ ያ ሰው ያየኛል። የት ላይ ቁጭ እንደምል ይጠፋኝ ነበር።

ወደ ሰሜን የስልክ መስመር በተከፈተ ሰሞን፣ እትዬ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«መምህር፣ እኔ ነኝ» አለ ድምፁ። ጋሼ ነበሩ። እንዴት ነህ እንኳ ሳይሉኝ «ልጁ ተመለሰ?» አሉ።

የጠቆመ ሰው እንዲህ ይጠይቃል? ወይስ የጠቆመ ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቅ? እትዬ ቀና ብለው ፊቴን አይተው ማን እንደሆነ አወቁ። ያን ሰው ባገኘው ስለተጠቆሙት ቤቶች ዓይን ለዓይን እጠይቀዋለሁ ሲሉ ነው የከረሙት። እጃቸውን ዘረጉ። ፈራሁ፤ ግን ስልኩን ሰጠኋቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። ጭናቸው ላይ ካለው ምስር አንድ ጠጠር ለቅመው ጣሉ።

«ፎቶ አለዎት?» አሉ በመጨረሻ። «የእርስዎን ነው። ጉርድ ቢሆን ደግ ነው። ለመምህር ይላኩለት።»

ሌላ ምንም ሳይናገሩ ስልኩን መለሱልኝና ምስራቸውን ቀጠሉ። ለምን ስለ ቤቶቹ አልጠየቋቸውም አልኳቸው።

«መጀመሪያ የእሱን መልክ ልወቅ» አሉ። «የእሱን ካወቅሁ የቀረው የልጄ ነው።»

ፎቶው ያን ቀኑን ደረሰ። ጋሼ ከስተዋል፣ ጢማቸው ነጥቷል፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ የለም። እትዬ ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው አመጡና ወረቀቱን ቀስ ብለው ላጡት። ስልኬን ከጎኑ ያዝኩላቸው። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ አዩ። ጣታቸው ፎቶው ላይ ሄደ።

«ጆሮው የሱ ነው። ቅንድቡም... የሱ ሳይሆን አይቀርም። ዓይኑ ግን የልጄ ነው። አይደለም መምህር?»

አየሁ። ስልኩ ውስጥ ያለውን ዓይን አየሁ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን አየሁ። ልጁ በዚያ ወንበር ላይ ሳቁን ሲይዝ ላስታውስ ሞከርኩ፤ ጋሼ መጡብኝ። ጋሼን ላስታውስ ስል ልጁ መጣ።

«ነው እትዬ» አልኳቸው።

ፎቶውን ጭናቸው ላይ አደረጉት። መቼም እሱን አጥፋልኝ ሲሉኝ የከረሙ ናቸው፣ አሁን ደግሞ ሥራው አልቋል ብዬ የጋሼን ፎቶ ላጠፋ አውራ ጣቴን ስልኩ ላይ ወሰድኩ።

እጄን ያዙኝ። «ተው፣ አታጥፋው» አሉኝ።