መርዶ ያዘገየሁበት ሳምንት

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ኦክላንድ ኮሌጅ ገብቼ ፍልስፍና የወሰድኩት በፍቅር አይደለም፤ ከሥራ ሰዓቴ ጋር የሚስማማው ክላስ እሱ ብቻ ሆኖ ነው። አስተማሪው መጀመሪያ የአንድ እንግሊዛዊ ፈላስፋ ፎቶ አሳየን። ሰውዬው ሚስት ሳያገባ ዕድሜውን ሙሉ ሕግ ላርም ሲል ኖረና፣ ሲሞት ሬሳዬ ይከፈትና ይማሩበት ብሎ ተናዘዘ። አጥንቱን የራሱን ልብስ አልብሰው መስታወት ውስጥ አስቀምጠውታል። እኔ አማተብኩ። ትምህርቱን ግን ወደድኩት። አንድ ነገር ከማድረግህ በፊት ደስታውንና ሕመሙን መዝን ይላል፤ ምን ያህል ይበረታል፣ ምን ያህል ይቆያል፣ ለስንት ሰው ይደርሳል። እንደ እኔ ላለች ችኩል መልስ ያለው ፈላስፋ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። አብራኝ የምትኖረውን ጓደኛዬን ወጥ ላይ ጨው ስትጨምር እንኳ «መዝነሻል?» እያልኩ አሰለቸኋት።

የጓደኛዬ የነርስነት ፈተና ዓርብ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሳንሆዜ የሚኖሩ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደወሉልኝ። አባቷ አዲስ አበባ አርፈው ኖሯል። ቤተሰቡ መርዶውን አርዱልን ብሎ የጻፈው ለእሳቸው ነው፤ ደብዳቤው ከአንድ ወር በላይ መንገድ ላይ ቆይቷል።

«ልጄ፣ ኤግዛሟን ትጨርስ። ቅዳሜ በማለዳ ሰብሰብ ብለን እንመጣለን። እስከዚያ ስልኩን አንቺ ፒክ አፕ አድርጊ።»

«መቼ ነው ያረፉት፣ ጋሼ?»

ቀኑን ነገሩኝ። ልብ አላልኩትም።

ወጋችን ነው፤ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው እንዲሁ አይነገርም። እኔ ደግሞ በወጉ ላይ የፈላስፋዬን ሚዛን ጨመርኩበት። ዛሬ ብነግራት ፈተናው ያመልጣታል፣ ቀጣዩ ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ አባቷም አይመለሱም። ቅዳሜ ብትሰማ ሐዘኑ ያው ነው፣ ፈተናው ግን አለፈ። ታዲያ ይህን ያህል ልክ ከሆንኩ ለምን መቀመጫ አጣሁ? የታጠበ ሳህን መልሼ አጥባለሁ። ሥራ ስሄድ ባቡር ላይ መውረጃዬን እያለፍኩ ሁለት ጊዜ መጨረሻው ጣቢያ ዳሊ ሲቲ ደረስኩ።

ረቡዕ ለአባቷ ሹራብ ገዝታ መጣች። «አባባን ትከሻው ላይ አይጠበውም?» ብላ ለእኔ አልብሳ አዞረችኝ። እውነቱ አፌ ድረስ መጣ። «ይበቃቸዋል» አልኩ። ውሸቱ እንዲህ ቀሎ ሲወጣልኝ ራሴን ጠላሁት።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ጥናት በቃኝ ብላ ራዲዮ ከፍታ ጠበቀችኝ። እጄን ይዛ አስጨፈረችኝ። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ይኸው፣ ልክ ነበርኩ ብዬ ትንሽ ተነፈስኩ።

ቅዳሜ በማለዳ ጥቁር ለብሰው መጡ። ገና ስታያቸው ገባት። አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፣ ሴቶቹ ያዟት። ከቀትር በኋላ ድምፅዋ ሲያልቅ ያረፉበትን ቀን ጠየቀች፤ ጋሼ ነገሯት። በጣቶቿ መቁጠር ስትጀምር እኔም አብሬ ቆጠርኩ፤ ያኔ ነው የደነገጥኩት።

«አርባው ሐሙስ ነበር» አለች። ዘመድ ሁሉ ለነፍሳቸው ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የዋለበት ቀን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ታውቂ ነበር። ሐሙስ ምን እያደረግኩ ነበር?»

ሳምንቱን ሙሉ ዋሽቻት አሁን አቃተኝ። «ከእኔ ጋር ስትጨፍሪ ነበር» አልኳት።

የፈተናው ውጤት ሲመጣ ፖስታውን ሳትከፍተው ሰጠችኝ። «ያንቺ ነው» አለች። አልፋለች።