ሲጋራ የተወ ሰው አይታመንም

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን ደብረ ታቦርን ይዞ በነበረበት ዘመን ነው። ትዳር ከያዝኩ ገና ብዙም አልቆየሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ብዙውንም ረስቻለሁ። ይሄኛው አልረሳ ያለኝ፣ ሰውን ሁሉ እየጠረጠሩ መኖር እንዴት እንደሚያደክም ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ስለሆነ ነው።

አገሬ ከጉና ግርጌ ነው። ጣሊያኖች ከየመንደሩ ሰው እየያዙ መንገድ ሲያሠሩ እኔንም ወሰዱኝ። ሥራዬ ድንጋይ መፍለጥ ነበር። ብጠፋ ቤቴን እንደሚያቃጥሉት ስለማውቅ ሳልወድ ዋልኩ፣ ሳልወድ አደርኩ። ከምግቡ ጋር ሲጋራ ይታደለን ነበር። ብርዱን ይገፋልኛል ብዬ ጀመርኩት። እያደር ግን ጠዋት ስነሳ ከውኃ በፊት የሚያምረኝ እሱ ሆነ።

አንድ ጊዜ ለማርያም ማኅበር አስፈቅጄ ወደ አገሬ ወጣሁ። የንስሐ አባቴን መስቀል ልሳለም ጎንበስ ስል መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱት።

«አያሌው፣ አፍህ ጣሊያን ጣሊያን ይሸታል» አሉኝ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ግን በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ጽዋው እኔ ዘንድ ሲደርስ ወሬው ቆመ። አጠገቤ የነበረው የአክስቴ ልጅ ከእጄ ተቀበለና ሳይጠጣ ለሚቀጥለው አሳለፈው። በዚያን ጊዜ በአገራችን ሲጋራ የሚያጨስ ወይ ጣሊያን ነው፣ ወይ ባንዳ። በቃል የተናገረኝ ማንም የለም። ሚስቴ ብቻ ስትሸኘኝ፣ «ሰዉ ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ቁልቁለቱን ስወርድ ሁለተኛ እንዳላጨስ ማልኩ።

መተው እንዲህ የሚያስቸግር አልመሰለኝም ነበር። እንቅልፍ አጣሁ፤ ራሴን ያመኝ ጀመር፤ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። ሚስቴ የቋጠረችልኝን የገብስ ቆሎ፣ ሲጋራው ባማረኝ ቁጥር እቆረጥማለሁ። ድርሻዬን አልቀበልም ብል ስለሚያስጠይቀኝ እቀበልና ከጠጠሩ ክምር ኋላ ሄጄ እጥለዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው ሲጋራ በተወ በሰሞኑ ጠፍቶ አርበኞቹ ዘንድ ገብቶ ነበር። ጫካ ያለ ሰው የሲጋራ ሽታ ያስይዘዋል፤ ስለዚህ ሊጠፋ ያሰበ አስቀድሞ ይተዋል የሚል ወሬ በሠራተኛው ሰፈር ተነዛ። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ይህን ለካቦው ነገረው። ካቦ የምንለው የሥራው አለቃ የሆነውን ጣሊያን ነው። ከዚያ ወዲህ ማን ያጨሳል፣ ማን አያጨስም እያሉ ይከታተሉን ጀመር።

በዚያው ሰሞን ተገኝ የሚባል ሰው መጣ። ከአንበሳሜ ነኝ አለ። ዝምተኛ ነው፤ ሲያጨስ ግን አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይለኩሳል። ከዚያ ሁሉ ሰው መርጦ እኔ አጠገብ ድንጋይ ይፈልጣል፤ እኔው አጠገብ ይተኛል። ከክምሩ ኋላ ስመለስ ቀና ብሎ ያየኛል። እኔ ዞር ስል ደግሞ እሱ ወደዚያው ይሄዳል። ጆሮ ጠቢ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ቀን እየፈለጥን ሳለ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ሲጋራህን አትጣለው» አለኝ።

«የምን ሲጋራ?»

«የሚጥል ሰው ይታያል። ለእኔ ስጠኝ።»

«እኔ የምጥለው የለም። አጭሼ ነው የምጨርሰው።»

«እሺ» አለና መዶሻውን አነሳ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ብሰጠው ለካቦው ወስዶ ያሳይብኛል፤ ባልሰጠው ደግሞ ደብቆኛል ብሎ ይናገርብኛል። ከዚያ በኋላ ቆሎዬን እንኳ ፊቴን አዙሬ ነበር የምቆረጥመው።

ብዙም አልቆየ፤ እኩለ ቀን ላይ አስተርጓሚው ስሜን ጠራ። ካቦው ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ሲጋራ ትተሃል አሉ» አለኝ አስተርጓሚው።

«ለጾም ብዬ ነው።»

«ፋሲካ ካለፈ ሰነበተኮ፣ አያሌው።»

ካቦው አዲስ ሲጋራ ለኩሶ ወደ እኔ ዘረጋው። መተርጎም አላስፈለገውም። ባጨስ መሐላዬ ሊፈርስ ነው፤ አንዷን ከቀመስኩ ደግሞ እንደማልመለስ አውቃለሁ። ባላጨስ እስር ነው፤ ወይም ከዚያ የባሰ። ጭሱ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሳል ያዘኝ። ሳሉም አልቆም አለኝ።

ያኔ ተገኝ ከኋላዬ መጣ።

«ጌታዬ» አለው አስተርጓሚውን፣ «ይሄ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ይዞታል። ደም ይተፋል። አጠገቡ የምተኛው እኔ ነኝ፤ እኔንም እንዳይጨርሰኝ ፈራሁ።»

ውሸቱን ነው። ደም ተፍቼ አላውቅም። አስተርጓሚው ተናግሮ ሳይጨርስ ካቦው ብድግ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ዕቃዬን ይዤ በዚያችው ሰዓት ከሰፈሩ እንድወጣ፣ ሁለተኛም ዝር እንዳልል ታዘዘ። የተኛሁበትን ሣር ከተገኝ ብርድ ልብስ ጋር ሲያቃጥሉት አየሁ። ዳገቱ እስኪጋርደኝ ድረስ ከኋላዬ ጥይት ስጠብቅ ነበር። ተገኝ ያን ያለው ሊያስገድለኝ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

አገሬ ስገባም አልተገላገልኩም። «ጣሊያን ሰው በደህና አይለቅም፤ ልኮት ነው» አሉ። ሰው ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። የንስሐ አባቴ እንኳ የሚያዋዩኝ መስለው ጠጋ እያሉ አፌን ያሸቱ ነበር። ንዴቱ ሲብስብኝ ሲጋራው ያምረኛል፤ ግን አንድ ቀን ብቻ ብሸት እንዳለቀልኝ አውቃለሁ። ክረምቱ አልፎ ገብሱ ሲሰበሰብ ነው እሳቸው መስቀላቸውን ያሳለሙኝ። የአክስቴ ልጅም በማኅበሩ ቀን ጽዋውን ከእኔ ተቀብሎ ጠጣ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በግ ልሸጥ አንበሳሜ ገበያ ወርጄ ተገኝን አየሁት። ሲጋራ ይዟል። እኔን ሲያይ ከጀርባው ደበቀው።

«ተውከው?» አለኝ፤ ሰላምታም አላስቀደመ።

«ትቼዋለሁ። አንተስ?»

«እኔን አቅቶኛል። ያኔ የምትጥለውን እያነሳሁ የማጨሰው እኮ እኔ ነበርኩ።»

ለካ ከክምሩ ኋላ የሚመላለሰው ለዚህ ኖሯል።

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልክባቸው? ቢገድሉኝስ?» አልኩት።

«ነቀርሳ እንደሚፈሩ አውቃለሁ። ደግሞ ልታጨሰው ነበር። እጅህን ዘርግተህ ነበርኮ።»

«አልዘረጋሁም።»

«ዘርግተሃል። ልትነካው ትንሽ ነበር የቀረህ።»

ልከራከረው ፈለግሁና ተውኩት። የካቦው ፊት እንጂ የራሴ እጅ የት እንደነበረ አላስታውስም። አንድ ጠላ ቤት ገብተን አብረን ጠጣን። ማጨስ ሲያምረው እኔን ትቶ ደጅ እየወጣ ያጨስ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተገናኘንም።

እስከ ዛሬ አላጨስኩም። ልጆቼ፣ «ይህን ያህል ዘመን ከተዉት አሁን ምን ያስፈራዎታል?» ይሉኛል። እኔ ግን ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ ተነስቼ ቦታ እቀይራለሁ። ያኔ ካቦውን፣ አስተርጓሚውን፣ ተገኝን፣ የገዛ ዘመዶቼን ሳይቀር ጠርጥሬያለሁ። የራሴን እጅ ግን አልጠረጠርኩትም። አሁን የምጠረጥረው እሱን ብቻ ነው።