በሐምሌ ጭቃ የዋለ እንቁጣጣሽ

ዛሬም አንድ አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ሲያቃስት የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ የት እንዳለሁ እረሳለሁ።

ናዝሬት በበጋ አቧራና ሙቀት ነበረች፤ ክረምት ሲገባ ግን እኔና ታናሽ ወንድሜ ማሙሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ዝናቡን እያየን፣ እንቁጣጣሽ ስንት ሳምንት እንደቀረው እማዬን እየጠየቅን እናሰለቻት ነበር። በዚያ ክረምት ግን አልጠየቅናትም። አባዬ ሥራ ከፈታ ቆይቶ ስለነበር እማዬ ቤይሩት ልትሄድ ቪዛዋ ወጥቶላት ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ከእኛ ጋር አትሆንም። የነገረን ሰው አልነበረም፤ ቤታችን ግን ሁለት ክፍል ስለሆነ ምንም አያመልጠንም ነበር።

የሐምሌ መጨረሻ ነበር። በማግሥቱ ማታ ልትበር ስትል፣ አባዬ የጎረቤታችንን አሮጌ ዲኤክስ መኪና ተውሶ መጣና እንቁጣጣሽን ዛሬ እናክብረው አለ። አደይ አበባ ዝናብ ከጠገበ ቀድሞ እንደሚፈነዳ፣ ከአሰላ በላይ ጭላሎ ተራራ ላይ ደግሞ ዝናቡ ቀድሞ እንደሚገባ እየማለ አስረዳን፤ የቆላ ሰው ስለ ደጋ ማውራት ከጀመረ ማን ያቆመዋል። እማዬ ዶሮ ወጡን በምሳ ዕቃ ይዛ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ እኛንም ነጭ በነጭ አድርጋን ወጣን።

ከአሰላ አልፈን ወደ ተራራው ስንታጠፍ ጉም ዋጠን፤ ብዙም ሳንርቅ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። አባዬ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ፍሪሲዮኑ እየሸተተ መኪናው ይበልጥ ይቀበር ነበር። በፈረስ የሚያልፉ ሽማግሌ ሲያገኝ፣ ስለ ጭቃው ትቶ ስለ አበባው በኦሮምኛ ጠየቃቸው።

«ኬሎ?» አሉ፣ አደይ አበባ ማለታቸው ነው፤ «መስከረም ሳይጠባ ኬሎ ከየት ይመጣል ልጄ?»

በሬ ይዤላችሁ እመለሳለሁ ብለው ጉሙ ውስጥ ገቡ። ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ አልመጡም። መኪናው ወደፊት አይሄድ፣ ወደኋላ አይመለስ፣ መስታወቱ በትንፋሻችን ታውሮ፣ እግራችን ደንዝዞ፣ ቀዝቃዛውን ዶሮ በላን። ማሙሽ ያለቅስ ነበር፤ እኔ ግን ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኝ ነበር። መኪናው ካልወጣ እማዬ አትሄድማ። ጌታ ሆይ፣ ጭቃውን አጥብቀው እያልኩ እለምን ነበር።

አባዬም ልቡ ከእኔ ጋር ነበር መሰለኝ፤ አንዴ ወርዶ ጎማውን አይቶ ተመለሰና መሪውን ያዘ።

«እዚሁ ብናድርስ?» አለ በመጨረሻ፣ ወደ እሷ ሳይዞር። «ሌላ በረራ አይጠፋም።»

እማዬ ጋቢዋን ለእኔና ለማሙሽ ደርባልን፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ወረደች። ድንጋይ ከመንገዱ ዳር እየፈነቀለች ጎማው ሥር ስትጠቀጥቅ፣ ዝናቡ ቀሚሷን ገላዋ ላይ ሲያጣብቀው፣ መስታወቱን በእጄ እየጠረግኩ እመለከታት ነበር። ከዚያ የአባዬን በር ከፈተች።

«አስነሣው» አለችው ቀስ ብላ። «ቤት ያለው ዱቄት እስከ መስከረም አያደርሰንም። እኔ ከኋላ እገፋለሁ።»

አባዬ እያለቀሰ አስነሣው። መኪናው ወጣ። እማዬም በማግሥቱ ሄደች።

ዓመታት ቆይታ ተመልሳ፣ ዛሬ እዚሁ አዳማ ከአባዬ ጋር ትኖራለች፤ እንቁጣጣሽንም በቀኑ እናከብራለን። አበባው አለ፣ ዶሮው አለ፣ ሁላችንም አለን። ግን ምሳው ሳይነሣ አንዱ ስልክ ተደውሎለት ይወጣል፣ ሌላው ሥራ አለኝ ይላል፣ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል። ያን ቀን በሩ ተዘግቶብን፣ አራታችን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ ማንም የትም መሄድ አይችልም ነበር። እንደዚያ የሞላ ቤት ከዚያ ወዲህ አላየሁም።