ሐይቅ ያላት ጎባ

ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው ቪዛ እስኪመታለት ድረስ ለእናቱም አይናገርም። እኔና ባለቤቴም ካናዳ ልንሄድ መሆኑን ለአንድም የሮቤ ሰው ትንፍሽ አላልንም። የቀረን ነገር ለሁለቱ ልጆቻችን ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር መምረጥ ነበር፤ በሱም ወር ሙሉ ተጨቃጭቀናል።

አንድ ጠዋት ወደ ጎባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬ ላይ የምንሄድበትን ከተማ ካርታ ከፍቼ ሳይ፣ ማር ሸጠው ወደ ደሎ መና የሚመለሱ አንድ ሐጂ ባዶ ጀሪካናቸውን እንዳቀፉ ከጎኔ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይሄ የት ነው ልጄ?»

«ጎባ ነው ሐጂ። ቤት የምሠራበት ቦታ እያየሁ ነው።»

«ይሄ ሰማያዊውስ?»

ሐይቅ ነበር። «የደመና ጥላ ይሆናል» አልኳቸው።

«ቶሌ፣ እሺ» አሉኝ። ከዚያ ልጆቼ የት ሊማሩ እንደሆነ ጠየቁኝ። ባለቤቴ የመረጠችውን ትምህርት ቤት በጣቴ አሳየኋቸው።

«እዚህ አታስገባቸው። መንገዱን ባቡር ያቋርጠዋል፤ እስኪያልፍ ድረስ በረዶ ላይ ይቆማሉ። በሐይቁ በኩል ያለው ይሻላል።»

ጎባ ባቡር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

መናኸሪያው ስንወርድ ሐጂ እጄን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አብሽር፣ ለማንም አልናገርም። ዓምና ልጄ ጋ ስድስት ወር ከርሜ ነው የመጣሁት። የዚያ የሐይቁ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። እዚያ ጎባ ስትደርስ ሰላም በልልኝ።»